ሳይመረመር የሚፈረድበት የመኪና ኮምፒዩተር

ባሁኑ ጊዜ ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያም ደሴ በሚመላለሱ መኪናዎች ላይ ብልሽት በተነሣ ቁጥር «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ መስማት እየተለመደ መጥቷል። እኛም እጩ መምህራን እንደ መሆናችን ስለማናውቀው ነገር ዝም ብለን ከማለፍ ይልቅ ጠይቀን የተረዳነውን በዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ለአንባቢ ለማካፈል ተነሥተናል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነን ከመርሳ በሚኒባስ ወደ ወልድያ ስንመለስ፣ ስሪንቃን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ ድንገት ጥፍት አለ። ሾፌሩ እንደ ምንም ብሎ መኪናውን ወደ ዳር አወጣ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ተዉኝ እባካችሁ ልጆቼ፣ ኮምፒዩተሩ ነው ብለውኝ ተበድሬ አስቀየርኩት፤ ያው እንደምታዩት ነው» አለን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስናገኘው ግን ችግሩ ተገኝቶለት ነበር። አንድ የመኪና ኤሌትሪሻን ጥፋቱን ያገኘው ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ገመድ ላይ ነው። ገመዱ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ዝጎ ሊበጠስ ደርሷል። የገመዱ ዋጋ ለኮምፒዩተሩ ከተከፈለው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሰውየው ግን ብድሩን ዛሬም እየከፈለ ነው።

ኮምፒዩተሩ ምን ይሠራል?

በአባቶቻችን ዘመን በዚህ መንገድ ይመላለሱ የነበሩት ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት የጭነት መኪናዎች ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓው ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የነዳጁን መጠንና የካንዴላውን እሳት ባንድነት የሚቆጣጠር ሞትሮኒክ የሚባል መሣሪያ ሠርቶ በቢ ኤም ደብልዩ መኪና ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ በብዙዎቹ የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች ላይ ይገኛል።

ጋራዥ ውስጥ «ኢሲዩ» የሚሉት ይህ ሣጥን የሞተሩን ሙቀት፣ የሚገባውን አየርና የዙሩን ፍጥነት ከሴንሰሮች ይቀበላል። አስልቶም ኢንጀክተሮቹ መቼና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጩ ያዛል። እንግዲህ ሴንሰሩ ከዋሸው፣ ወይም የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ከጎደለ፣ ሣጥኑ ጤነኛ ሆኖም እንኳ የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል ማለት ነው።

ምልክቶቹ

ሀ) ቁልፉ ሲከፈት የሞተር ምልክት ያለበት መብራት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለበት። ከነአካቴው ካልበራ ኮምፒዩተሩ አልነቃ ይሆናል። ነገር ግን ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ወይም አምፖሉ ሞቶ ሊሆንም ይችላል። አንዳንድ ሻጭም ብልሽት ለመደበቅ ሲል ሆን ብሎ ያወጣዋል።

ለ) ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረ ሞተሩ ግን አልነሣ ሲል፣ የመመርመሪያው ማሽንም ከኮምፒዩተሩ ጋር መነጋገር ሲያቅተው ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሐ) ሞተሩ ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ መነሣቱ በሀብሩ ቆላ ሙቀት በብዛት የሚያጋጥም ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለ ብየዳ ሲሰነጠቅ ይህ ይሆናል። የክራንክ ዘንጉን ዙር የሚለካው ሴንሰር ሲደክምም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን ሳይለዩ መፍረድ አይገባም።

መ) እርስ በርስ የማይገናኙ ብዙ ጥፋቶች ባንድ ጊዜ በማሽኑ ላይ ሲታዩ ያስጠረጥራል። ሆኖም ሴንሰሮች በ5 ቮልት የሚሠሩት ከአንድ ምንጭ ተካፍለው ስለሆነ፣ አንዱ ሾርት ሲያደርግ ሌሎቹንም ይዞ ይወድቃል። ስለ ራሱ ስለ ሣጥኑ የሚናገሩት እንደ ፒ 0601 (የማስታወሻ ጥፋት) እና ፒ 0606 (የአስሊው ክፍል ጥፋት) ያሉት ቁጥሮች ናቸው።

ነዳጅ መብላትና መንተፋተፍ ብቻውን ግን ኮምፒዩተሩን አያስከስስም። አየር ማጣሪያውና ካንዴላው ይቅደም።

ከመቀየሩ በፊት

አንደኛ፣ ባትሪው ይለካ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ተደርጎ ሞተሪኖ ይመታ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማሠሪያው ታሟል። የሾፌራችን ጥፋት በዚህች በአንዲት ደቂቃ ሥራ ይታወቅ ነበር! ሦስተኛ፣ ፊውዝ፣ ሬሌና ሶኬት ይታዩ፤ ዝገት ወይም ውኃ አለ ወይ? አራተኛ፣ ሴንሰሮቹ ይፈተሹ። ይህ ሁሉ አልፎ ሲገኝ ነው ሣጥኑ የሚከፈተው። ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሌላ መኪና አምጥቶ መግጠምም ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎቹ ከቁልፉ ጋር ካልተዋወቁ ሞተር አያስነሡም።

የሚያበላሸው ምንድን ነው?

ባትሪ ሳይፈታ ቦዲ ላይ ብየዳ መበየድ፣ ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ሲዋሱ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ማለዋወጥ፣ ሞተርን በኃይለኛ ውኃ ማጠብ፣ እንዲሁም መጠኑን ያለፈ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዲናሞ ዋነኞቹ ናቸው።

አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። ሞተር እየሄደ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ እገዛም ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቃል። ከወልድያ ወደ ድልብ በሚወጣው ዓይነት መንገድ ላይ ይህ የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይሆን አጥብቆ አንዴ ይርገጥ። መሪው እንዳይቆለፍም መኪናው እስኪቆም ቁልፉን አይንቀል። «ተነሥቶልኛል» ብሎ ተሳፋሪ ጭኖ መቀጠሉም አይበጅም።

እኛ ከዚህ የተማርነው ለሥራችንም ይሆናል። ነገ ክፍል ውስጥ ጥያቄ መመለስ ያቃተው ልጅ ሲገጥመን «ጭንቅላቱ አይሠራም» ማለት በጣም ቀላል ነው። ጥቁር ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ይሰማ እንደሆነ፣ ቁርስ በልቶ መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ግን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። እንግዲህ ለመኪናውም ለልጁም ከገመዱ እንጀምር።