አንድ ሥርዓት ለ58 ፍርድ ቤቶች፦ የካሊፎርኒያ የመዝገብ ፕሮጀክትና ዋጋው

ሰው ችሎት ፊት ሲቆም መዝገቡም አብሮት ይቀርባል። የተከሰሰበት አንቀጽ፣ ያስያዘው ዋስትና፣ የሚቀጥለው ቀጠሮና ዳኛው የሰጡት ትእዛዝ የተጻፉት በዚያ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ ስህተት ከገባ የተፈታው ሰው መንገድ ላይ ተይዞ ሊታሰር ይችላል። ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ሲያሻግሩ አብሮ የሚሻገረው የሰው ነጻነት የሆነው ለዚህ ነው። የዚህ ሽግግር ዋጋ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ከካሊፎርኒያ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

የፍርድ ቤት የመረጃ ሥርዓት ሥራው ሲታይ ትልቅ የመረጃ ቋት ነው። ክስ ሲከፈት ቁጥር ይሰጣል፤ ቀጠሮ ይይዛል፤ ውሳኔና የገንዘብ ቅጣት ይመዘግባል። የወንጀል ጉዳይ ሲሆን ግን ሥራው ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አያልቅም። ፖሊስ የእስር ማዘዣውን፣ ዐቃቤ ሕግ የክሱን ይዘት፣ ማረሚያ ቤት የመፍቻ ትእዛዙን ከዚያው ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ኮምፒውተርና የራሱ አጻጻፍ ስላለው እነዚህን ማገናኘት ሶፍትዌሩን የመጻፍ ያህል ይከብዳል።

ካሊፎርኒያ 58 ካውንቲዎች አሏት። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1997 ድረስ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶቿን በጀት በአብዛኛው የሚሸፍኑት ካውንቲዎቹ ነበሩ። በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ ወጪውን ወደ ግዛቱ መንግሥት አዞረው። በ1998 ደግሞ መራጩ ሕዝብ በየካውንቲው ያሉት ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤቶች እንዲዋሃዱ ፈቀደ፤ በ2001 ውህደቱ በ58ቱም ተጠናቀቀ። ገንዘቡ ከአንድ ቋት መውጣት ጀመረ፤ መዝገቡ ግን በ70 ገደማ የተለያዩ ሥርዓቶች እንደተበታተነ ቀረ። በአንድ ካውንቲ የተከሰሰ ሰው በጎረቤት ካውንቲ ሌላ ክስ እንዳለበት ዳኛው በቀላሉ ማየት አይችሉም ነበር። ሁሉንም ለማገናኘት የታሰበው አንድ የጋራ ሥርዓት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሒሳቡ ግን ከእጅ አመለጠ። በ2004 የተገመተው ወጪ 260 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2010 ግምቱ 1.9 ቢሊዮን ደረሰ፤ ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሶፍትዌሩን ለማበልጸግ ዴሎይት ከተባለው ኩባንያ ጋር በ2003 የተፈረመው ውል በ33 ሚሊዮን ዶላር ጀምሮ፣ 102 ጊዜ ከተሻሻለ በኋላ፣ በ2010 አጋማሽ 310 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በየካቲት 2011 የግዛቱ ኦዲተር ይፋ ያደረጉት ሪፖርት መንስኤውን ዘረዘረ። ሥራው ሲጀመር ወጪውና ጥቅሙ በጥናት አልተመዘነም፤ ውሉ ወጪና የሥራ ስፋትን የሚገታ ልጓም አልነበረውም፤ የየካውንቲው ፍርድ ቤቶችም ፈቃድና ፍላጎት አስቀድሞ በሚገባ አልተረጋገጠም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች የነበራቸው ሥርዓት ለጊዜው እንደሚበቃቸው ያምኑ ነበር። በወንጀልና በትራፊክ ጉዳዮች የመጀመሪያው ሥሪት ከ2006 ጀምሮ የሠራው በፍሬዝኖ ካውንቲ ብቻ ነው። ለፍትሐ ብሔር የተዘጋጀውን ሥሪት የተቀበሉትም ስድስት ፍርድ ቤቶች ነበሩ። 58ቱን ለማገናኘት የታሰበው የመጨረሻ ሥሪት በየካውንቲው ሊተከል ገና ሲጠበቅ የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። ከመስከረም 2009 ጀምሮ በበጀት እጥረት ምክንያት የግዛቱ ፍርድ ቤቶች በወር አንድ ረቡዕ በራቸውን ዘጉ። ባለጉዳይ በተዘጋ በር ፊት ሲቆም፣ ሠራተኛ ደመወዙ ሲቀነስ፣ ለሶፍትዌሩ ግን ገንዘብ ይወጣ ነበር። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የካሊፎርኒያ ዳኞች ኅብረት ፕሮጀክቱን በአደባባይ ተቃወመ። ዳኞች በራሳቸው አስተዳደር ላይ ድምፃቸውን ማሰማታቸው በእኔ እምነት ሊመሰገን የሚገባው ድፍረት ነው።

በመጋቢት 27 ቀን 2012 ፍርድ ቤቶቹን የሚመራው የግዛቱ የዳኝነት ጉባኤ ድምፅ ሰጥቶ ሥራውን አቆመ። እስከዚያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙ ካውንቲዎች ገበያ ላይ ያሉ ሥርዓቶችን እየመረጡ ለየራሳቸው ገዙ።

ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። በነሐሴ 2016 ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ኦክላንድን የያዘው የአላሜዳ ካውንቲ ፍርድ ቤት ለ40 ዓመት ገደማ ያገለገለውን ሥርዓት በአዲስ ተካ። አዲሱ ሥርዓት በአንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ቦታ መጫን ይጠይቅ ስለነበር ጸሐፊዎቹ ችሎቱን ተከትለው መመዝገብ አቃታቸው፤ ያልገባ ትእዛዝ ተከመረ። የካውንቲው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ደንበኞቹ በተሰረዘ ማዘዣ እንደታሰሩና ከመፈቻቸው ቀን አልፈው እስር ቤት እንደቆዩ ለፍርድ ቤት አመለከተ። በግዢው ሒሳብ ውስጥ ያልገባው ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ የሰው ሌሊት በዶላር አይተመንም።

የእንዲህ ያለ ሥርዓትን ዋጋ መገመት የሚፈልግ ሁሉ የሶፍትዌሩን ፈቃድ ብቻ አይቁጠር። የቆየውን መዝገብ አጣርቶ ማሻገር፣ ከፖሊስና ከማረሚያ ቤት ጋር ማገናኘት፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ አሮጌውንና አዲሱን ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ማሠራት፣ ከዚያም በየዓመቱ መጠገን ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከሁሉም በፊት ግን ሥርዓቱን የሚጋሩት ፍርድ ቤቶች «የተዘጋ መዝገብ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው መረጋገጥ አለበት። ይህን የሚያውቀው በየቀኑ መዝገብ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጸሐፊ ነው። መዝገባችሁን ወደ ኮምፒውተር የምታሻግሩ የፍርድ ቤት ኃላፊዎች፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት መዝገብ ቤት ውረዱና እሱን ጠይቁት።