የሐምሌ ፀሐይ የጥርን ቤት እንዴት ታሞቃለች?

በዴንማርክ ሐምሌ የፀሐይ ወር ነው፤ ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጥር ሲገባ ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ፀሐይ በሽ በሽ ስትሆን ማሞቂያ የሚፈልግ የለም፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ፀሐይ የለችም። በኤሮ ደሴት ላይ ያለችው የማርስታል ከተማ ነዋሪዎች ይህን ችግር በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አማካይነት በጋራ ተወጥተውታል።

ከከተማዋ ዳር ከ33,000 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎች ተደርድረዋል። በበጋ ያሞቁት ውሃ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደተሠራ 75,000 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ በወፍራም ፕላስቲክ ተለብጧል፤ ሙቀት የሚከላከል ክዳንም ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀመጣል።

አንድ ቤት በበርሜል ቢያጠራቅም በጥቂት ቀናት ይቀዘቅዝበታል። ሙቀት የሚያመልጠው በመያዣው ገጽ በኩል ነው፤ መያዣው በተለቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ገጽ ያንሳል። የበጋን ሙቀት እስከ ክረምት ማቆየት የሰፈር ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጉድጓዱን ሙቀት ወደ ቤቶች የሚያደርሱ ሁለት ቧንቧዎች በመሬት ውስጥ ይሄዳሉ፦ አንዱ ሙቅ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው የቀዘቀዘውን ይመልሳል። ቤት ውስጥ በቧንቧው የመጣው ውሃና የቤቱ ውሃ በስስ ብረት ተለያይተው ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ሙቀቱ ይሻገራል፣ ውሃው አይቀላቀልም።

ኤሌክትሪክስ? ነፋስ በርትቶ የመብራት ዋጋ ሲረክስ የሙቀት ፓምፕ ይነሳል። ሥራው የፍሪጅ ነው፦ ፍሪጅ ከምግቡ የቀማውን ሙቀት በጀርባው እንደሚተፋ፣ ፓምፑም ለብ ካለው የጉድጓድ ውሃ ሙቀት እየሳበ የቤቶቹን ውሃ ያግላል። ነፋሱ ረግቶ ዋጋው ሲወደድ የእንጨት ስብርባሪ የሚያነደው ቦይለር ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠርቷል፤ ከማመንጫው የሚተርፈው ሙቀትም ወደ ቤቶች ይሄዳል። ጉድጓዱ ስላለ መሣሪያዎቹ ሰው ገላውን በሚታጠብበት ደቂቃ የግድ መሥራት የለባቸውም፤ ዋጋ አይተው ይሠራሉ።

ነዋሪውም ድርሻ አለው። የራዲያተሩ ቫልቭ ተበላሽቶ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ከተመለሰ የጉድጓዱ ታች ይሞቃል፤ የፀሐይ ማሞቂያዎቹም ቀድሞ የሞቀ ፈሳሽ ስለሚደርሳቸው ከፀሐይ የሚሰበስቡት ይቀንሳል። በጋራ ማሞቂያ ውስጥ ጥሩ ጎረቤት ማለት ውሃውን አቀዝቅዞ የሚመልስ ነው።