ክሊር ኮት ሲሰነጠቅ፦ የአትላንታ ፀሐይና የመኪና ቀለም

በአትላንታና በዙሪያዋ እንደ ክላርክስተን ባሉ ከተሞች ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን መኪና ከመጓጓዣነት አልፎ የእንጀራ ምንጭ ነው። ታክሲና ሊሞዚን የሚያሽከረክሩ፣ በስልክ መተግበሪያ የሚጠሯቸውን መንገደኞች ወደ ሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሱ፣ ዕቃ የሚያደርሱ ሰዎች መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከዓመታት በኋላ ሞተሩ ምንም ሳይሆን በጣሪያውና በኮፈኑ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ነጠብጣቡ ይሰፋል፤ ጠርዙም ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ መላጥ ይጀምራል። መኪናው ለሽያጭ ወይም ለልዋጭ ሲቀርብ ገማቹ በቅድሚያ የሚያየው ይህንኑ ነው። ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ ወይ በማያድን ፖሊሽ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ አለዚያም በተሰነጠቀው ላይ አዲስ ቀለም ያስረጫል። ሁለቱም ለምን እንደማይሠሩ ለመረዳት ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዘመናዊ መኪና ቀለም ተደራራቢ ልባስ ነው። የመኪናው አካል ገና በፋብሪካ ሳለ በገንዳ ውስጥ ይነከርና በኤሌክትሪክ ኃይል ፀረ ዝገት ልባስ እንዲጣበቅበት ይደረጋል። በዚህ ላይ ፕራይመር፣ ቀጥሎም መልኩን የሚሰጠው ቤዝ ኮት፣ በመጨረሻም መልክ የሌለውና እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ክሊር ኮት ያርፋል። ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ናቸው። ክሊር ኮቱ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ቢሆን ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት አይበልጥም። ይህ አሠራር በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት መልኩና ማብረቅረቂያው በአንድ ልባስ ውስጥ ስለነበሩ የደበዘዘ መኪና በፖሊሽ ሲታሽ ይታደስ ነበር። የደበዘዘ ሁሉ በፖሊሽ ይድናል የሚለው እምነት ምናልባት የዚያ ዘመን ቅሪት ሳይሆን አይቀርም።

ክሊር ኮት በባሕርይው ፕላስቲክ ነው። በፋብሪካ የአክሪሊክ ሰንሰለቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሜላሚን ጋር ይደባለቁና በ140 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጋገራሉ፤ በዚህም እርስ በርስ ተሳስረው እንደ መረብ ይጠነክራሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይህን መረብ ይበጥሰዋል። የተበጠሱት ጫፎች ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ሌሎቹንም ወደ መበጠስ ያደርሷቸዋል። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ሁለት ዓይነት ተከላካይ ይጨምሩበታል። አንደኛው ጨረሩን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው የተበጠሱትን ጫፎች እየተከታተለ ያመክናል። ጨረር ዋጩ ግን ከዓመታት በኋላ ተመናምኖ ያልቃል። በዚያን ጊዜ መኪናው ለዓይን ገና ያምራል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው፤ ጉዳቱ በሚታይበት ቀን መከላከያው ካለቀ ሰንብቷል።

መከላከያውን ያጣ ልባስ ይደርቃል፣ ግትርም ይሆናል። ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ከሥሩ ካለው ብረት ብዙ እጥፍ ሊለጠጥ ይፈልጋል፤ ከብረቱ ጋር ስለተጣበቀ ግን አይችልም። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቀድሞ ይህን ውጥረት በመተጣጠፍ ያሳልፈው የነበረው ልባስ ከግትርነቱ በኋላ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ ከቤዝ ኮቱ ጋር ያለውን ትስስር ያላላዋል። መላጡ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አትላንታ ለዚህ ሁሉ የተመቸች ከተማ ናት። በጁላይ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ የቆመ የጥቁር መኪና ኮፈን ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ በዚሁ የጋለ ኮፈን ላይ ይወርዳል። በዓመት 1,270 ሚሊ ሜትር ያህል የሚዘንበው ዝናብ በሁሉም ወራት የተከፋፈለ ስለሆነ ልባሱ ከእርጥበት ፋታ አያገኝም። በዚያ ላይ የአበባ ብናኝ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 29 ቀን 2025 በከተማዋ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 14,801 የብናኝ ቅንጣት ተቆጥሯል፤ ይህም እስከዚያ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ብናኙ ሲርስ ያብጣል፤ ከውስጡ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገርም በፀሐይ ሲደርቅ ልባሱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ሥር የቆመ መኪናም ቢሆን ከዛፍ ሙጫና ከወፍ ኩስ አያመልጥም።

ፀሐይዋ ግን ከአዲስ አበባ ፀሐይ አትብስም። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አትላንታ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ትቀርባለች። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉዳቱ ይዘገያል ብሎ የሚያስብ ባለመኪና ጨረርንና ሙቀትን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው መኪናውን በሚገባ አጥቦ በማድረቅ ነው። በደበዘዘው ቦታ ላይ ውኃ ሲረጭ ድብዘዛው ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለስ ከሆነ፣ የልባሱ ገጽ ሻክሯል ማለት ነው፤ ውኃው ጥቃቅን ጉድጓዶቹን ስለሚሞላ ብርሃን መበተኑን ያቆማል። ገና ያልተሰነጠቀ ከሆነ ፖሊሽ ሊያድነው ይችላል። ውኃው ላይም መስመሩ ወይም የተላጠው ጠርዝ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ ከገጽ አልፏል። በነገራችን ላይ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ገና ከመታጠቢያ የወጣ እርጥብ መኪና አይቶ መወሰን የሌለበት ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ስንጥቅን ከጭረት መለየት ያስፈልጋል። በመኪና ማጠቢያ ብሩሽ የመጡ ጥቃቅን ጭረቶች በመብራት ሲታዩ በብርሃኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ይሠራሉ፤ መብራቱ ሲንቀሳቀስ ክቡም አብሮ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ስንጥቅ ግን ብርሃኑ ከየትም ቢመጣ ከቦታው አይነቃነቅም። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ ጠርዙ ወደ ላይ የተቆለመመ ሆኖ ይገኛል። ጥርጣሬው ካልጠራ ጥቂት ቦታ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትና በውኃ በቀስታ ይታሻል። የሚወጣው ዝቃጭ ነጭ ከሆነ እየተፋቀ ያለው ክሊር ኮቱ ነው፤ የመኪናውን መልክ ከያዘ ግን ክሊሩ አልቋል ወይም መኪናው ባለ አንድ ልባስ ነው። ነጭ መኪና ላይ ይህ መለያ ስለማይሠራ ሌሎቹን ምልክቶች ማየት ይበጃል።

የስንጥቁ ቦታና ቅርጽም ምክንያቱን ይናገራል። ጣሪያ፣ ኮፈንና የሻንጣ ክዳን ተጎድተው በሮቹ ደህና ከሆኑ ጥፋተኛዋ ፀሐይ ናት። አንድ በር ወይም አንድ ባምፐር ብቻ በረጃጅም መስመሮች ከተሰነጠቀ ያ ክፍል ቀደም ሲል ተጋጭቶ እንደገና የተቀባ ሳይሆን አይቀርም፤ ክሊሩ ከልክ በላይ ወፍሮ፣ ማጠንከሪያው ያለ መጠኑ ተደባልቆ ወይም ከሥሩ ያለው ስቱኮ ሳይደርቅ ተረጭቷል። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ እዚህ ላይ ይረዳል። በብረት ላይ ከ300 ማይክሮን የሚበልጥ ንባብ ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ርካሹ መሣሪያ ግን በፕላስቲክ ባምፐር ላይ አይሠራም።

መላጥ ሁሉ የክሊር ኮት በሽታ አይደለም። ኢትዮጵያውያን በሚያዘወትሯቸው የቶዮታ መኪናዎች ላይ የታየው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 040 እና 070 የሚል የቀለም ቁጥር ባላቸው አንዳንድ ነጭ ሞዴሎች ላይ የፀሐይ ብርሃን ላይኛውን ልባስ አልፎ፣ ፕራይመሩን ከፀረ ዝገቱ ልባስ ጋር የሚያያይዘውን ትስስር ያላላዋል። በዚህ ጊዜ ቀለሙ እስከ ታች በሰፊው ተገንጥሎ ይወድቃል። ኩባንያው ለተወሰኑ ሞዴሎችና የምርት ዓመታት የተራዘመ የጥገና ሽፋን ሰጥቷል። ስለዚህ ነጭ ቶዮታው የሚላጥበት ሰው ጋራዥ ከመሄዱ በፊት በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈውን የቀለም ቁጥር ማንበብና በሻንሲ ቁጥሩ ሽፋኑ ይመለከተው እንደሆነ፣ ጊዜውም አልፎ እንደሆነ ወኪሉን መጠየቅ ይኖርበታል። ተራ የክሊር ኮት መሰንጠቅ ግን በዋስትናም በኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። የፋብሪካ የቀለም ዋስትና በተለምዶ ሦስት ዓመት ገደማ ስለሆነ ጉዳቱ ብቅ የሚለው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው።

የተሰነጠቀ ክሊር ኮት አይታከምም፤ ይነሣል። ፖሊሽ የስንጥቁን ከንፈር ያለሰልሳል እንጂ የተበጠሰውን መረብ አይቀጥልም፤ ቀሪውንም ክሊር ይበልጥ ያሳሳዋል። በላዩ አዲስ ክሊር መርጨት ደግሞ የባሰ ነው። በአዲሱ ውስጥ ያለው ቲነር ወደ አሮጌው ስንጥቅ ሰርጎ ጠርዙን ያሳብጠዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው መስመር በአዲሱ ላይ ይታያል። አዲሱ ልባስ ከሥሩ የያዘውን ያህል ብቻ ስለሚጠነክር አሮጌው ሲላጥ አብሮት ይሄዳል።

ትክክለኛው ሥራ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ፣ ጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ጤነኛ ልባስ እስኪገኝ መፋቅ ነው። በ320 ወይም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ የተላጠውና ያልተላጠው የሚገናኙበት ደረጃ በጣት እስከማይዳሰስ ድረስ ይስተካከላል። ብዙ ሰው ቤዝ ኮቱን ለማትረፍ ይጓጓል። ነገር ግን ፀሐይ ያገኘው ቤዝ ኮት ራሱም ስለሚነዝር ወጪ ለመቆጠብ እሱን መተው ሥራውን ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው። ፕራይመር፣ አዲስ ቤዝ ኮት፣ ከዚያም ማጠንከሪያ የተደባለቀበት ክሊር ኮት በተከታታይ ይረጫሉ። ክሊሩን በኮፈኑ መካከል አሳስቶ መጨረስ በርካሽ ሥራ የተለመደ ቢሆንም የሳሳው ጠርዝ ቀድሞ የሚላጠው ነው። የአትላንታ እርጥበትም የራሱ ጣጣ አለው። ማጠንከሪያው ከውኃ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ልባሱ ውስጥ አረፋ ይቀራል። ከዝናብ በኋላ በግቢ የሚረጭ ክሊር የሚደፈርሰውም በእርጥበት ነው።

በግቢ መርጨት ከቀለሙ ይልቅ የሚረጨውን ሰው ይጎዳል። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ነው። ሲረጭ የሚወጣው ጉም ወደ ሳንባ ከገባ አስም ያመጣል፤ በቆዳም ይገባል። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሠራተኛ ከዚያ ወዲያ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል፤ በዚህ ሕይወታቸው ያለፈ ሠራተኞችም አሉ። ሽታው አያስጠነቅቅም፤ ኬሚካሉ አደገኛ መጠን ላይ ደርሶም ላይሸት ይችላል። የአቧራ ጭምብል ወይም በአፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ከጉሙ አያድንም። በሙያው የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል፣ ጓንት፣ ሙሉ ልብስና አየር የሚመጥ የመርጫ ክፍል ነው። ከታች ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ማጠንከሪያው የሚደባለቅበት ባለ ሁለት ክፍል ጣሳም ይኸው ኬሚካል አለበት። ማጠንከሪያ የሌለው ተራ ጣሳ ይህ አደጋ የለበትም፤ ልባሱ ግን ስስና ለስላሳ ስለሆነ ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይለቃል።

ባለሙያ ጋራዥ ለአንድ ኮፈን ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል። በዚህ ዋጋ ሥራውን የሚሰጥ ባለንብረት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ያዋጣዋል፦ አሮጌው ክሊር ሙሉ በሙሉ ይነሣ እንደሆነ፣ ክሊሩ ከነማጠንከሪያው የየትኛው አምራች እንደሆነና ዋስትናው መላጥን ይሸፍን እንደሆነ። መኪናው አሮጌ ሆኖ ዋጋው የጥገናውን ወጪ የማይሸከም ከሆነ እንደ ነበረ መተውም ነውር የለበትም። ፀረ ዝገቱ ልባስ ሳይነካ እስከቆየ ድረስ ብረቱ አይዝግም፤ እስከ ብረቱ የወረደ ስንጥቅ ካለ ግን ያንን ብቻ ፍቆ በፀረ ዝገት ቀለም መዝጋት ይበቃል። አዲስ የተረጨ መኪና ደግሞ ቲነሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ፣ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን ያህል ሳምንታት፣ ሰም አይቀባም።