ግቢው ውስጥ እንደር ወይስ ውጭ? መኪና ለሌለው ቤተሰብ

በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ጠዋት ላይ የአፉላ ታሃና መርካዚት ብትቆሙ፣ የመዋኛ ጎማ አንገታቸው ላይ ያጠለቁ ልጆች፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የበረዶ ሳጥንና ነጠላዋን አጣፍታ ጥላ የምትፈልግ አያት ታያላችሁ። እኛም ከነሱ መሃል ነን። ቤታችን መኪና የለም፤ ያለን ራቭ ካቭ ነው። ስለዚህ "መዝናኛው ግቢ ውስጥ ያለው ሆቴል ይሻላል ወይስ ውጭ ያለው ርካሹ?" የሚለው ጥያቄ ለኛ ሌላ መልክ አለው። መኪና ያለው ሰው የአልጋ ዋጋ ያወዳድራል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምናየው የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተሰቡን ይዤ ሃማት ጋዴር ሄድኩ። ልጆቹ አዞዎቹን ለማየት፣ እናቴ ደግሞ ለፍል ውሃው ነበር የጓጉት። ቦታው ከያርሙክ ወንዝ አጠገብ፣ የዮርዳኖስ ድንበር ላይ ነው። ሮማውያን የሠሩት የመታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የፍል ውሃው ሙቀትም 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። (እርጉዝ የሆናችሁ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ አትግቡ። ትንንሽ ልጆችንም እዚያ ውስጥ አታቆዩ።) ግቢው ውስጥ ሆቴል አለ። ዋጋውን አይቼ ደነገጥኩና ትቬርያ ውስጥ ርካሽ ክፍል ያዝኩ። በስልክ ያነጋገረኝ ሰው "ቅርብ ነው" አለኝ። ቅርብ ያለው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ኖሯል።

ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ጥቂት ነው። በሁለት ቀን አራት ጊዜ በታክሲ ተመላለስን፤ ስድስት ስለሆንን ደግሞ አንድ ታክሲ አልበቃንም። ቤት ተመልሼ ደረሰኞቹን ስደምር፣ ውስጥ ባለማደሬ ያተረፍኩት መስሎኝ የነበረው ገንዘብ የለም። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ቀትር ላይ ትንሹ ልጅ እንቅልፉ መጥቶ ሲያለቅስ አልጋው ትቬርያ ነው። እናቴም ከውሃው ወጥታ ጋደም የምትልበት አጥታ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዋለች። "ምነው ልጄ፣ ቤታችን ብንቀመጥ" አለችኝ። እሷ ብዙ አትናገርም።

ታዲያ ሁልጊዜ ውስጥ እንደር ማለቴ ነው? አይደለም። ፍል ውሃ አካባቢ ያለ ሆቴል አንዳንዱ ለባልና ሚስት ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ልጅ የማይቀበልም አለ። ካርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ "ስንት ዓመት ልጅ ትቀበላላችሁ?" በሉ። ቀጥሎ ደግሞ "አንድ ክፍል ስንት ሰው ይይዛል?" ብላችሁ ጠይቁ። የተለመደው የሆቴል ክፍል ለሁለት ወላጅና ለሁለት ልጅ ታስቦ የተሠራ ነው። አራት አምስት ልጅ ያለው የኛ ቤተሰብ ሁለት ክፍል ሊከፍል ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ዋጋ ያኔ እጥፍ ይሆናል። ለትልቅ ቤተሰብ የወጣቶች አክሳንያ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቤት ሼአን ውስጥ አንድ አለ። ተደራራቢ አልጋ ያለው ክፍል ይገኛል፣ ቁርሱ ካሽር ነው። ወደ ጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሽም በእግር ይደረሳል።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንምጣ። ከአፉላ ተነስቶ በግማሽ ሰዓት አካባቢ የሚደረስበት ሳኽኔ አለ፣ በደንቡ ስሙ ጋን ሃሽሎሻ። "የሦስቱ ገነት" የተባለው በ1938 በዚያ አካባቢ በፈንጂ ለተገደሉ ሦስት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ጊልቦዓ ተራራ ሥር ያለው ውሃ ክረምት ከበጋ 28 ዲግሪ ነው። አጠገቡ ደግሞ ልጆች ካንጋሮ በእጃቸው የሚመግቡበት ጋን ጉሩ አለ። ሳኽኔ ግቢ ውስጥ ሆቴል የለም። የሚቀርበው ኒር ዳቪድ ኪቡጽ የሚያከራያቸው የእንግዳ ቤቶች ናቸው። አሲ የሚባለው ወንዝ በኪቡጹ መሃል ያልፋል፤ የውጭ ሰው ይግባ አይግባ በሚለው ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እዚያ ያደረ እንግዳ ግን ወንዙ ደጁ ላይ ነው።

ለአፉላ ሰው ግን ሳኽኔ ማደሩ ራሱ ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን ለማደሪያ የሚወጣውን ገንዘብ ይዤ ሁለት ቀን ደርሼ መመለስ እመርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ወደ ቤት ሼአን የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉ በሳኽኔ በር አያልፍም። ሹፌሩን ሳትጠይቁ አትሳፈሩ።

ሰንበት ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱም ባቡሩም ይቆማል፤ ፓርኮቹም ዓርብ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ሰንበት የምታከብሩ ከሆነ መግቢያ መክፈል የለም፣ ታክሲ መጥራት የለም። እንግዲህ ሰንበትን ውጭ ለማሳለፍ ካሰባችሁ፣ ከውሃው ወይም ከመናፈሻው በእግር የምትደርሱበት ቦታ እደሩ፤ ቢወደድም እዚያው እደሩ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ከሆነ ግን ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ አውቶቡስም አለ፣ ራቅ ብሎ ማደር ያን ያህል አይጎዳም።

ለባር ሚጽቫ ወይም ለባት ሚጽቫ ብለው ለፓሪስ ዲስኒላንድ የሚያጠራቅሙ ቤተሰቦችም አሉ። እዚያ ሒሳቡ ይገለበጣል። በ1992 የተከፈተው ይህ መናፈሻ የባቡር ጣቢያው በሩ ላይ ነው፤ ከፓሪስ መሃል በባቡር 40 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ መኪና ሳይኖራችሁም ውጭ ማደር ይቻላል። የመናፈሻው ሆቴሎች ያደረ ሰው ጠዋት ከሌላው ቀድሞ ይገባል፤ ትንንሽ ልጅ ላለው ያ ሰዓት ወረፋ ስለሌለበት ትልቅ ነገር ነው። ልጆቻችሁ እስከ ሦስት ሰዓት የሚተኙ ከሆነ ግን ለዚያ አትክፈሉ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ መግቢያ አይከፍልም። ካሽር ምግብ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ግቢ ውስጥ የሚያሳድሩን ለኛ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ዋልት ዲስኒ በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን መናፈሻ ሲከፍት ሆቴል የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ሆቴሉን ሌላ ሰው ሠራው። በዙሪያው የበቀሉት ማደሪያዎች ትርፉን ሲወስዱበት ስላየ፣ ለፍሎሪዳው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መሬት አስገዛ። የግቢ ውስጥ ሆቴል ዋጋ ሲያስደነግጣችሁ ይህን አስታውሱ፤ አልጋውም የሚሸጥ መዝናኛ ነው።

ዘንድሮ እኛ ሰንበትን ቤታችን ነን። እሁድ ማለዳ ዳቦውን ቆራርሼ፣ እንጀራውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እናቴን ይዤ ታሃና መርካዚት እገኛለሁ። ወደ ሳኽኔ ነው። ማታ ጉልበቷን የምታሳርፈው በራሷ አልጋ ላይ ነው።