ሰቪቮንና እንዝርት፦ የእንጨት ሽክርክሪት በቶርኖ እንዴት ይሠራል?

የስግድ በዓል ካለፈ አራት ሳምንት ሳይሞላ የኪስሌው 25 ቀን ሲገባ፣ በምሽት፣ የሐኑካ የመጀመሪያው መብራት ይበራል። በእነዚህ ስምንት ቀናት ልጆቻችን ከጋንና ከትምህርት ቤት ሰቪቮን ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። አያትም «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳለን ሰንበትን፣ ፋሲካን፣ የአስቴርን ጾምና ስግድን አክብረን ኖረናል፤ ሐኑካ ግን በባህላችን ውስጥ አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ልጁ «ስለዚህ ነገር ከአያቴ የምጠይቀው የለም» ብሎ ያስባል። አያትም ዝም ትላለች።

ይህ ዝምታ ያለ በቂ ምክንያት የመጣ ነው ብለን እናምናለን። የበዓሉ ታሪክ ለአያት አዲስ ቢሆንም፣ መጫወቻውን የሚያዞረውን ሕግ ግን እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቀዋል። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ሰቪቮን ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ በቶርኖ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ከእንዝርት ጋር ያለውን ዝምድና እናስረዳለን።

ሰቪቮን ምንድን ነው?

ስሙ በዕብራይስጥ «ሳቫቭ»፣ ማለትም «ዞረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከላይ በጣት የሚያዝ ቀጭን እጀታ፣ ከመካከል አራት ገጽ ያለው አካል፣ ከታች ሹል እግር አለው። በአራቱ ገጾች ላይ በእስራኤል አገር ኑን፣ ጊሜል፣ ሄ እና ፔ ይጻፋሉ። «ኔስ ጋዶል ሃያ ፖ»፣ ትርጉሙም «ታላቅ ተአምር እዚህ ሆነ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በውጭ አገር ያሉ አይሁድ ግን በፔ ፈንታ ሺን ይጽፋሉ፤ «ታላቅ ተአምር እዚያ ሆነ» ለማለት ነው። ተአምሩ የተባለው ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ164 ዓመት ሐሽሞናውያን ቤተ መቅደሱን ከአንጥያኮስ ሰዎች እጅ አስለቅቀው እንደገና በቀደሱበት ጊዜ የሆነው ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ተጫዋቾች ለውዝ ወይም ሳንቲም በመካከል ያስቀምጣሉ። ኑን ቢወጣ ምንም አይወሰድም፤ ጊሜል ቢወጣ ሁሉም ይወሰዳል፤ ሄ ቢወጣ ግማሹ ይወሰዳል፤ ፔ ወይም ሺን ቢወጣ ይጨመራል።

በአንጥያኮስ ዘመን ኦሪትን ማጥናት በተከለከለ ጊዜ ልጆች በሽክርክሪት የሚጫወቱ መስለው ተሰብስበው ይማሩ ነበር ተብሎ ይተረካል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን መጫወቻው በአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ለዕድል ጨዋታ ይውል ከነበረው ባለ አራት ገጽ ሽክርክሪት የመጣ መሆኑን ያስረዳሉ። የአሽከናዝ አይሁድ ፊደላቱን በዪዲሽ ቋንቋ ኒሽት (ምንም)፣ ጋንጽ (ሁሉ)፣ ሃልብ (ግማሽ)፣ ሽቴል (አስቀምጥ) እያሉ ያነቡ ነበር። ኋላ ለእነዚያው ፊደላት የተአምሩን ትርጉም ሰጧቸው። እንግዲህ ከጎረቤት የተገኘ ዕቃ በእምነትና በትምህርት የራስ ሆነ ማለት ነው። እኛም ከሌሎች ወንድሞቻችን የተቀበልነውን ዕቃ በራሳችን ዕውቀት ብናበለጽገው ልማዱን የተከተልን እንጂ ያፈረስን አንሆንም።

ቶርኖ

በምሥራቅ አውሮፓ ሰቪቮን ብዙ ጊዜ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ እየፈሰሰ ይሠራ ነበር። የእንጨቱን ሰቪቮን በቢላ መቅረጽም ይቻላል። እጀታውና እግሩ በትክክል አንድ መስመር ላይ እንዲውሉ የሚያደርገው ግን ቶርኖ ነው። በዕብራይስጥ መሣሪያው «ማኽሬታ»፣ ባለሙያው «ኻራት» ይባላል። በሌላ ሥራ መሣሪያው ይንቀሳቀሳል፣ እንጨቱ ይቆማል፤ በቶርኖ ግን እንጨቱ ይዞራል፣ መሮው በመደገፊያ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሙያው እጅግ ጥንታዊ ነው። በግብጽ፣ በቱና ኤል ገበል በሚገኘው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ሥዕል አለ። በሥዕሉ አንዱ ሰው እንጨቱን በገመድ እየጎተተ ሲያዞር፣ ሌላው ስለት ይዞ ይቀርጻል። ኋላም በካይሮና በደማስቆ የነበሩ ባለሙያዎች መሬት ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው የደጋን ገመድ በእንጨቱ ላይ ጠምጥመው ወዲያና ወዲህ እየሳቡ፣ በሌላው እጃቸውና በእግራቸው መሮውን ይዘው ይሠሩ ነበር። ዛሬ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው።

አሠራሩ

1. እንጨት መምረጥ። በደንብ የደረቀ፣ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። ወይራ መልካም ነው። ውፍረቱ በሁለቱም በኩል 3 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አራቱ ጎኖች እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከሰፋ ሰቪቮኑ ያደላል።

2. መካከሉን ማግኘት። በሁለቱም ጫፎች ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መስመር ይሰመራል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ በወስፌ ይወጋል። ስፌት የሚሰፉ እናቶች የሚያውቁት ወስፌ ለዚህም ያገለግላል።

3. ማሰር። እንጨቱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ይታሰርና አንዱ ጫፍ ክብ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያ ክብ ጫፍ በቶርኖው ነክሶ መያዣ ራስ ውስጥ ይገባል። አራት ማዕዘን ሆኖ የሚቀረው የመካከሉ 3 ሳንቲ ሜትር በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል።

4. ጥንቃቄ። ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት እንጨቱ በእጅ አንድ ዙር ይዞር፤ መደገፊያውን መንካት የለበትም። በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ ሲዞር አራቱ ማዕዘኖች እንደ ጥላ ሆነው ይታያሉ፤ ጣት ቢጠጋ ይመታሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ። ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌና የተለቀቀ ፀጉር ከዚህ ቦታ ይራቁ፤ ይህ ለእናቶቻችን በተለይ ሊነገር ይገባል።

5. እግሩን መቅረጽ። በመጀመሪያ የሚሠራው በነፃው ጫፍ በኩል ያለው ሹል እግር ነው። ጎድጓዳ አፍ ባለው መሮ ከማዕዘኑ ወደ ጫፉ ቀስ እየተባለ ይወርዳል። እንጨት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆረጥ ይለሰልሳል፤ ተቃራኒው ሲሆን ይሰነጠራል።

6. እጀታውን መቅረጽ። እጀታው የሚቀጥለው እግሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ቢቀጥን በሥራው ጫና ይሰበራልና። ውፍረቱ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና በቀጭን መሮ ከራሱ ተቆርጦ ይወጣል።

7. ፊደል መጻፍ። አራቱ ፊደላት በጋለ ብረት ወይም በቀለም ይጻፋሉ።

8. መፈተን። ሰቪቮኑ 100 ጊዜ ይዙር፣ የወጣውም ፊደል ይመዝገብ። እያንዳንዱ 25 ጊዜ አካባቢ ሊወጣ ይገባል። ጥቂት ልዩነት የተለመደ ነው፤ አንዱ ፊደል እጥፍ ያህል ቢወጣ ግን ወይ ጎኖቹ እኩል አይደሉም፣ ወይም እግሩ ከመካከል ወጥቷል።

ለጀማሪ ልጅ ግን አራት ገጽ የሌለው ክብ ሽክርክሪት ይቀልለዋል።

ለምን አይወድቅም?

ሰቪቮን ቆሞ ቢተው ወዲያው ይወድቃል፤ ሲዞር ግን ይቆማል። የሚዞር ነገር የሚዞርበትን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም። ክብደቱ ከመካከሉ በራቀ ቁጥር ዙሩን ይዞ ለመቆየት ያለው ኃይል ይበረታል። ስለዚህ ወፍራም ሆድ፣ ቀጭን እጀታና አጭር እግር ያለው ሽክርክሪት ረጅም ጊዜ ይዞራል። በእግሩ ሹል ላይ ያለው ፍትጊያና አየሩ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይወስዱታል፤ በዚያን ጊዜ ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ውዝዋዜው እየሰፋ ሄዶ ይወድቃል።

እንዝርት፣ የሰቪቮን ታላቅ

አሁን ወደ አያት እንመለስ። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እናት እንዝርቷን በጭኗ ላይ በመዳፏ ታሽከረክረውና ትለቀዋለች። እንዝርቱ በአየር ላይ እየዞረ ባዘቶውን ያከርረዋል፣ ፈትልም ይሆናል። እንዝርት ምንድን ነው ቢባል፣ ቀጭን በትርና በበትሩ ላይ የተሰካ ክብ ነው። በትሩ የሰቪቮን እጀታና እግር ነው፤ ክቡ የሰቪቮን ሆድ ነው። ክቡ ባይኖር በትሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ይቆም ነበር። ክቡ ከመካከል ቢወጣ ደግሞ እንዝርቱ ይወዛወዛል፣ ክሩም ይበጠሳል ወይም ውፍረቱ ይዛነፋል። የቶርኖ ባለሙያ በወስፌ ፈልጎ የሚያገኘውን መካከል እናቶቻችን በጣታቸው ስሜት ያውቁት ነበር። በወለቃና በሌሎች መንደሮች የነበሩ ሸክላ ሠሪዎቻችን የሚዞር ሰሌዳ ሳይጠቀሙ በእጃቸው ብቻ ገንቦውን ክብ አድርገው ያወጡ እንደነበርም እናስታውስ።

እንዝርት በቅዱሳት መጻሕፍትም ክብር አለው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ለድንኳኑ ሥራ በእጃቸው የፈተሉ ሴቶች ልበ ጥበበኞች ተብለዋል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የምትመሰገነው ሴት፣ በእስራኤል አገር በየዓርብ ማታ በብዙ ቤት የምትወደሰው፣ እጇ እንዝርት ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኪነሬት ባሕር በስተ ምሥራቅ ናሐል ዔይን ጌቭ 2 ከተባለው ሥፍራ የተገኙ ከመቶ በላይ ቀዳዳ ያላቸው ድንጋዮችን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ድንጋዮቹ 12,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ የእንዝርት ክብ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። አምሳያቸውንም ሠርተው በመፍተል ሞክረውታል። ይህም የጋሪ መንኮራኩር ከመታወቁ ብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ስለዚህ አያት ሰቪቮንን ባታውቀውም፣ በእጇ የነበረው ዕቃ የሰቪቮንም የቶርኖም ታላቅ ነው።

ለምን እንጽፈዋለን?

በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዓፄ ይስሐቅ ዘመን ከሆነው ጦርነት በኋላ አባቶቻችን ርስት እንዳጡ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ መተዳደሪያቸው በአብዛኛው የእጅ ሥራ ሆነ፤ ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ፣ ሽመና፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ግንብና እንጨት ሥራ። የሚያርሰው በማረሻቸው ያርስ ነበር፣ የሚለብሰው የሸመኑትን ይለብስ ነበር፤ ሆኖም «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ስድቡ በብዙ አረጋውያን ልብ ውስጥ ስለቀረ ስለ እጅ ሥራ ሲጠየቁ «እሱማ ምን ይወራል» ብለው ያልፉታል። እዚህ የተወለዱት ልጆችም ይህን ዝምታ አለማወቅ አድርገው ይረዱታል። የስድቡ ጉዳት በዚህ መንገድ ወደ ሦስተኛ ትውልድ እንዳይተላለፍ እንሰጋለን።

ለዚህ ነው በዚህ ሐኑካ አንድ ነገር እንዲደረግ የምንለምነው። ወላጆች ሆይ፣ ሰቪቮኑንና እንዝርቱን፣ ካለ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ልጁ ፊደላቱን ለአያቱ ያንብብላት፤ አያቱም ባዘቶ ይዛ ትፍተልለት፤ ከዚያ እሱም ይሞክር። ክሩ ሲበጠስበት አያቱ ምን እንደምታውቅ ይገባዋል። በማትናስ የእንጨት ሥራ የምታስተምሩም አረጋውያንን ለእንግድነት ብቻ ሳይሆን ለመምህርነት ጋብዙ። ተመራማሪዎች ደግሞ የእንዝርቱን ፎቶግራፍ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እያንዳንዱ ክፍል በአማርኛም ሆነ በትግርኛ በዚያች እናት አፍ ምን እንደሚባል፣ ክቡ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ጻፉ። ዕቃው በሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ስሙን የሚያውቁት እናቶች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።