ልጆቻቸውን በብዕር ያሳደጉ እመቤት

የፍቅርና የጋብቻ ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ኑሮው የተደላደለ፥ ልቡም ከሐዘን የራቀ ይመስለን ይሆናል። አሜሪካዊቱ ደራሲት ወይዘሮ ግሬስ ሊቪንግስተን ሂል ግን ከመቶ የሚበልጡ መጻሕፍት የጻፉት በቤታቸው ችግር በገባ ጊዜ፥ የልጆቻቸውንና የእናታቸውን የዕለት ጉርስ ለማግኘት ሲሉ ነበር። በአገራቸውም የክርስቲያን የፍቅር ልብ ወለድ የሚባለውን የድርሰት ዐይነት በሰፊው ካስለመዱት ጸሐፊዎች አንዷ እርሳቸው ስለ ሆኑ፥ ይህን ገጽ ለሚያነቡ እመቤቶችና ወይዛዝርት ታሪካቸውን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ግሬስ የተወለዱት ሚያዝያ 16 ቀን 1865 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ዌልስቪል በምትባል ከተማ ነው፤ ይኸውም ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በሞቱ በማግሥቱ መሆኑ ነው። አባታቸው ቻርልስ ሊቪንግስተን የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። እናታቸው ማርሲያ ማክዶናልድ ሊቪንግስተን ታሪክ ይጽፉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን በዘመኑ ስማቸው የገነነው አክስታቸው ኢዛቤላ አልደን ነበሩ፤ እኒህም ሴት «ፓንሲ» በሚል የብዕር ስም፥ ይኸውም በአንዲት አበባ ስም፥ ለወጣቶች የሚሆኑ አያሌ መጻሕፍት ያሳተሙ ናቸው። እንግዲህ ሕፃኒቱ ያደገችው ወረቀትና ቀለም እንደ መሶብና እንደ ምድጃ የቤት ዕቃ በሆነበት ቤት ነው። ገና በልጅነቷ የፈጠረችውን አንድ ተረት አክስትየው አሳትመው በትንሽ መጽሐፍ መልክ እንደ ሰጧት ይነገራል። ለልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? አሻንጉሊት ይሰበራል፤ የራስን ስም በመጽሐፍ ገጽ ላይ ማየት ግን ዕድሜ ልክ የሚረሳ አይመስለንም።

ቤተሰቡ ወደ ፍሎሪዳ ከተዛወረ በኋላ አንድ ነገር ናፈቃቸው። በኒው ዮርክ ግዛት በሻቶኳ ሐይቅ ዳር ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው ትልቅ ጉባኤ ይደረግ ነበር፤ መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን ለማሠልጠን የተሰበሰበው ይህ ጉባኤ እየሰፋ ሄዶ የስብከት፥ የንባብና የመዝሙር ሰፈር ሆነ። ከፍሎሪዳ እስከዚያ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ የመንገድ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ወጣቷ ግሬስ ገንዘቡን በብዕር ለማግኘት አስበው በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ታሪኩም አበቦች፥ ዛፎችና የዱር እንስሳት የሰዎቹን ጉባኤ አይተው የራሳቸውን ጉባኤ በጫካ ውስጥ እንዳደረጉ የሚያወራ ቀላልና ደስ የሚል ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስድሳ ዓመታት የጻፉት ሁሉ ከዚህ ልማድ አልራቀም፤ አንድ ነገር በቤት ሲጐድል እመቤቲቱ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛቸው ይሄዱ ነበር።

የፍሎሪዳም ኑሮ ለኋላ ሥራቸው ጠቅሟቸዋል። በ1903 ዓ.ም. በወጣው አንድ ታሪካቸው ውስጥ በፍሎሪዳ የብርቱካን ተክል ያለው፥ በእንጨት ጎጆ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ክሪስቲ የሚባል ጐልማሳ አለ። በሰሜን ያሉ ሴቶች ልጆች ስሙን ብቻ አይተው ሴት ልጅ መስሏቸው ለቤቱ የሚሆን ዕቃና አንድ ኦርጋን ይልኩለታል፤ «በዚያ አገር ሰንበት ትምህርት ቤት ብትከፍቺ» ብለውም ይመክሩታል። ሃይማኖት የሌለው ይህ ጐልማሳ በመጀመሪያ ይሥቃል፤ ነገር ግን ኦርጋኑ ከጎጆው ከገባ በኋላ ጎረቤት ይሰበሰባል፥ መዝሙርም ይጀመራል፤ በመጨረሻም ሊያታልል የጀመረው ሰው ራሱ አማኝ ይሆናል። አንባቢው እንደሚያየው ነገሩ ከሥቅ የመጣ ነው፤ ስብከቱ በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል። ከደራሲቱ ሥራዎች ሁሉ እኛን ይበልጥ ያስደሰተን ይህ አካሄድ ነው።

በ1892 ዓ.ም. ወይዘሮ ግሬስ ፍራንክ ሂል የሚባሉ ቄስ አገቡ። ማርጋሬትና ሩት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1899 ዓ.ም. ግን ባላቸው ሞቱ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አባታቸው ሞቱና እናታቸው ከእርሳቸው ጋራ ለመኖር መጡ። ሁለት ሕፃናት፥ አንዲት አሮጊት፥ አንዲት ባል የሞተባት ሴት፤ በቤቱም ደመወዝ የሚያገባ ወንድ የለም። በዚያን ጊዜ የነበሩ ብዙ ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባቸው በዘመድ ቤት ጥገኛ ሆነው ይቀሩ ነበር። አክስታቸው አንድ ሺሕ ቅጠል የጽሕፈት መኪና ወረቀት ላኩላቸውና ወረቀቱ ሁሉ ወደ ገንዘብ ይለወጥልሽ ብለው ተመኙላቸው ይባላል። ለኀዘንተኛ እንባ የሚያብስ መሐረብ መስጠት የተለመደ ነው፤ ወረቀት መስጠት ግን የባለሙያ ዘመድ ብልኀት ነው።

ወረቀቱም ወደ ገንዘብ ተለወጠ። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በፊላዴልፊያ አጠገብ ባለችው ስዋርትሞር በምትባል ከተማ ቤት አቆሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የኖሩት በዚያው ነው።

ሁለተኛው መከራ ግን ከሞት ሳይሆን ከጋብቻ መጣ። በ1904 ዓ.ም. ፍላቪየስ ሉትዝ የሚባሉ ኦርጋን የሚመቱ ሰው አገቡ። ይህ ጋብቻ ሰላም አልነበረውም፤ ከዓመታት በኋላም ባልየው ከቤት ወጥተው ሄዱ። በዚያ ዘመን የታተሙትን መጻሕፍት የርእስ ገጽ የተመለከተ ሰው የደራሲቱ ስም «ግሬስ ሊቪንግስተን ሂል ሉትዝ» ተብሎ ተጽፎ ያገኘዋል፤ በኋላ የወጡት ላይ ግን «ሉትዝ» የሚለው የለም። ስለዚህ ነገር በአደባባይ ብዙ አልተናገሩም፤ የስሙ መጥፋት ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በገዛ ቤታቸው ፍቅር የጠፋባቸው ሴት፥ መጨረሻው በደስታና በሠርግ የሚያልቅ ታሪክ በየዓመቱ መጻፋቸው ሰውን ማታለል አይደለምን? እንዲህ የሚሉ ነቃፊዎች ይኖራሉ። እኛ ግን መጻሕፍቱን ስንመረምር ሌላ ነገር አገኘን። የሉትዝን ስም ይዘው በወጡት በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሚደጋገመው የሠርጉ ድግስ ሳይሆን፥ ሴት ልጅ ለማትወደውና ለማታምነው ሰው «እምቢ» የማለቷ ነገር ነው። በ1908 ዓ.ም. በወጣው «የሞንታና ልጃገረድ» በተባለው መጽሐፍ ኤልሳቤጥ የምትባል የሙት ልጅ ከአንድ ክፉ ሰው እጅ ለማምለጥ በፈረስ ተቀምጣ ምድረ በዳውን አቋርጣ ወደ አያቷ አገር ትጓዛለች። በ1909 ዓ.ም. በወጣው «ፊቢ ዲን» ደግሞ ባለታሪኳ በወንድሟ ቤት በምራቷ ቁጣ ሥር የምትኖር ድኻ ልጅ ናት፤ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለጠጋ ሊያገባት ይፈልጋል፥ ቤተሰቡም መንደርተኛውም «ምን ጐደለውና?» እያለ ያስጨንቃታል። እርስዋ ግን አትቀበለውም። ይህን ምዕራፍ ያነበበች አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ የምታውቀውን ሰፈር የምታውቀውንም ንግግር ታስታውሳለች ብለን እናምናለን። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የጋብቻን ክፋት ያላየ አይደለም፤ ጠንቅቆ ያየ ነው።

ከሁሉ የታወቀው «ማርሲያ ስካይለር» የተባለው መጽሐፍ በ1908 ዓ.ም. ታተመ፤ ባለታሪኳም የደራሲቱን እናት ስም ትጠራበታለች። ታላቅ እኅቷ ኬት በሠርጓ ዋዜማ ከሌላ ሰው ጋራ ትኰበልላለች። ቤተ ዘመዱ ከኀፍረት ለመዳን ሲል ታናሺቱን ማርሲያን ለሙሽራው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ፥ ልቡ በሌላይቱ ሐዘን የተያዘ ባልና፥ በእኅቷ ልብስና በእኅቷ ቤት የምትኖር የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ቀስ በቀስ እንደ ተዋወቁ ነው። መጋባት ቀድሞ መፋቀር በኋላ ሲመጣ ማየት ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ በዚያው በ1908 ዓ.ም. በሮማ ከተማ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታትሟል። እርሱም የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። በዚያ መጽሐፍ ጦቢያ የምትባለው ክርስቲያን ልጅ አረማዊው ንጉሥ ወድዷት ሳለ ሃይማኖቷን አልለቀቀችም፤ ንጉሡ ተጠምቆ ያገባታል። ሁለቱ ደራስያን አንዱ ስለ ሌላው የሰሙ አይመስለንም፤ ነገር ግን እምነትንና ፍቅርን በአንድ ታሪክ ማስታረቅ በሁለቱም አገር በአንድ ዓመት ለሕትመት መብቃቱ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥም ነው።

በአሜሪካ ግን ማስታረቁ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ አሳታሚዎች ታሪኩን ወድደው ወንጌሉን ያወጡት ነበር፤ ስለ መዳንና ስለ ጸሎት የሚናገረው ክፍል ገበያ ያበላሻል ብለው ፈሩ። ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ከአሳታሚ ጋራ ብትጣላ ጕዳቱ የማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ ታገሡ። መጻሕፍቱ እጅግ መሸጣቸው ከታየ በኋላ ግን ሃይማኖታዊው ነገር ሳይነካ መታተም ጀመረ። ትዕግሥታቸውን እንደ ድካም የሚቈጥሩት ሰዎች ቢኖሩ፥ እኛ ከእነርሱ ጋራ አንስማማም፤ ልጆች እየራቧቸው መርሕን ለማስከበር የሚቻለው በወሬ ነው።

የሐሳባቸው ምንጭ ከየት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ፥ በ1918 ዓ.ም. የወጣውን «ውብ ጎተራ» ብለን የምንተረጕመውን መጽሐፍ ማየት ይበቃል። ሸርሊ የምትባል የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ እናቷ ታማባት፥ ታናናሾቿን ይዛ ከተከራዩት ጠባብ ቤት እንዲወጡ ይታዘዛሉ። እርስዋም በኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍራ ከከተማ ውጭ ስትሄድ በድንጋይ የተሠራ አንድ አሮጌ የእህልና የከብት ጎተራ ታያለች፤ ባለቤቱንም ለምና ትከራየዋለች። የባለቤቱ ልጅም በኋላ የሚያፈቅራት ይሆናል። ወለሉ ሲጠረግ፥ መጋረጃው ሲሰቀል፥ ምድጃው ሲነድ፥ እኅትና ወንድሞቿ ሲሮጡ ያለው ገጽ ከፍቅሩ ገጽ ይበልጥ ይጣፍጣል። እመቤቲቱ የጻፉት የሚያውቁትን ነው፤ ጣራ የማጣትን ስጋት ያውቁታልና። ይህ ታሪክ በ1919 ዓ.ም. ድምፅ በሌለው ሲኒማ ተሠርቷል። መጨረሻው አካባቢ የሚገባው የሰላይና የጠለፋ ነገር ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ያለ ቦታው የገባ ይመስለናል።

ሌላም ጕድለት አላቸው። ክፉው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ክፉ ነው፤ ደጉም እንከን የለውም፤ ጭንቅም ሲበዛ መፍትሔው በድንገት ከደጅ ይገባል። በአንዳንዱ ዓመት ሁለትና ሦስት መጽሐፍ የሚያወጣ ብዕር ሁሉንም እኩል ሊስል አይችልም። ጽሕፈት ብቻም አልነበረም ሥራቸው፤ በስዋርትሞር አቅራቢያ በነበረ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከኢጣሊያ ለመጡ ስደተኞች ልጆች ሰንበት ትምህርት ቤት ያካሂዱ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ከኢቫንጀሊን ቡዝ ጋራ ሆነው «የድኅነት ሠራዊት» የተባለው ማኅበር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈጸመውን ሥራ የሚናገር መጽሐፍ አወጡ። በፈረንሳይ የጦር ግንባር አጠገብ፥ እኛ ቦንቦሊኖ የምንለውን ዐይነት ጣፋጭ እየጠበሱ ለወታደር ያደሉ የነበሩትን ሴቶች የሚያነሣው ይህ መጽሐፍ ነው።

ወይዘሮ ግሬስ በ1947 ዓ.ም. በሰማንያ ሁለተኛ ዓመታቸው ላይ ዐረፉ። በጠረጴዛቸው ላይ «ሜሪ አርደን» የሚባል ያላለቀ ታሪክ ቀርቶ ነበር። ይህንም በዚያ በጨለማው ዘመን አባቷን ያጣችው ሕፃን፥ ሩት፥ አንሥታ ጨረሰችው፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. በእናትና በልጅ ስም ወጣ። ከዚያም በኋላ ሩት በገዛ ስሟ የራሷን ታሪኮች መጻፍ ጀመረች።