የማራገቢያ ኩሽኔታ

የማራገቢያ ኩሽኔታ በተሽከርካሪ ሞተር ፊት ያለውን የማቀዝቀዣ ማራገቢያ (በጋራዥ አጠራር ቬንትሌተር) ተሸክሞ በአነስተኛ ሰበቃ እንዲሽከረከር የሚያደርግ የሞተር ክፍል ነው። በናፍጣ በሚሠሩ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪናዎች ላይ ከሚያልቁ ክፍሎች አንዱ ነው። ካለቀ በኋላ ሳይቀየር ከቆየ ማራገቢያው ተወዛውዞ ራዲያተሩን ሊቀድ፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ሞቆ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ከክፍሉ መጠን ጋር አይመጣጠንም።

ስያሜ

ኩሽኔታ የሚለው ቃል የመጣው «ትንሽ ትራስ» የሚል ፍቺ ካለው የጣሊያንኛው ኩሺኔቶ ነው። በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚሰሙ ሌሎች የሙያ ቃላትም፣ ለምሳሌ ቺንጋ (ቀበቶ)፣ ፑሌጃ (ቀበቶው የሚዞርበት ጎማ)፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳና ቶርኖ፣ ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው።

አቀማመጥና አሠራር

ኩሽኔታ የውስጥና የውጭ ቀለበት ያለው ሲሆን በሁለቱ መካከል የብረት ብዮች ይንከባለላሉ። ማራገቢያው በሞተሩ ላይ የሚታሰረው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በዋተር ፓምፕ ዘንግ ላይ ነው። 4.2 ሊትርና ስድስት ሲሊንደር ያለው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የፓምፑ ኩሽኔታ የፓምፑንም የማራገቢያውንም ክብደት ስለሚሸከም፣ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው ፓምፑ በሙሉ ነው። ሁለተኛው ራሱን በቻለ ኩሽኔታ ላይ ነው። የላንድ ሮቨር 300 ቲዲአይ ሞተር ለዚህ ምሳሌ ነው፤ እዚህ ኩሽኔታው ብቻውን ሊቀየር ይችላል።

በሁለቱም ዓይነት በፑሌጃውና በማራገቢያው መካከል የማራገቢያ ክላች አለ። በውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ይገኛል። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ በክላቹ ፊት ያለው ጥምዝ ብረት ዘይቱን ይለቅና ማራገቢያው በኃይል ይዞራል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይላላል።

ማራገቢያው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መኪናው ጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነውና። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲሆን፣ ከሸለቆው ለመውጣት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ መቀጠል ይጠይቃል። ከፍታው ራሱም ተጽዕኖ አለው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ይህን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ ሆኖም ቀጭን አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው። በገጠር መንገድ በአምቡላንስነት የሚያገለግሉ ላንድ ክሩዘሮች ላይ እንዲህ ያለ ብልሽት ሕይወትን የሚነካ መዘግየት ያስከትላል።

የመበላሸት ምልክቶችና ምርመራ

ያለቀ ኩሽኔታ የሞተሩን ፍጥነት እየተከተለ የሚጨምርና የሚቀንስ የመፋጨት ድምፅ ያሰማል። ማራገቢያው ሲዞር ይወዛወዛል፣ ቺንጋው በአንድ በኩል ይበላል። በዋተር ፓምፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ይንጠባጠባል። ከተለመዱት መንስኤዎች መካከል ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ፣ ክንፉ የተሰበረ ማራገቢያና አቧራ ይገኙበታል።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ወጪ የለውም። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የማራገቢያው ክንፍ ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀነቃል። ክላቹ ራሱ ትንሽ መነቃነቅ ሊኖረው ስለሚችል ፑሌጃውን ለብቻው መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ፑሌጃው ከተነቃነቀ ችግሩ ኩሽኔታው ላይ ነው። ቀጥሎ ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይነሳል። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ክፍሎች አንዱ ነው። ከዚያም እያንዳንዱ ፑሌጃ በእጅ እየተሽከረከረ የሚሻክረው ይለያል። ይህ ካልተደረገ የዲናሞው ኩሽኔታ ሆኖ ሳለ ዋተር ፓምፑ በከንቱ ሊቀየር ይችላል።

መለዋወጫ መምረጥ

በአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ በብዛት ከሚሸጥባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ ነው። በተለይ ሶማሌ ተራ በአዲስና ባገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ይታወቃል። ያገለገለ ፓምፕ ዋጋው ቢቀንስም የኩሽኔታው ቀሪ ዕድሜ በዓይን አይታይም።

ለብቻው የሚሸጥ ኩሽኔታ የሚለየው በቀለበቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 6203 በሚለው ውስጥ 6 ባለ አንድ ረድፍ የብይ ኩሽኔታ መሆኑን፣ 2 የመጠን ተከታታዩን፣ 03 ደግሞ የውስጥ ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 05 ማለት 25 ሚሊ ሜትር ነው። የ6203 የውጭ ስፋት 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ6303 ግን 47 እና 14 ነው። የሁለቱ ቀዳዳ እኩል ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ከቁጥሩ ቀጥለው የሚመጡት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። 2አርኤስ በሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን፣ ዜድዜድ የብረት ሽፋን ማለት ነው። ሲ3 በብዮቹና በቀለበቶቹ መካከል ከመደበኛው ሰፋ ያለ ክፍተት መኖሩን ያመለክታል፤ ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥ በሞተር አካባቢ ይህ ይፈለጋል። ስለዚህ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዞ ሄዶ ቁጥሩንም ፊደላቱንም ማስተያየት ይገባል።

እንደ ኤስኬኤፍ፣ ኤንኤስኬና ኮዮ ያሉ የታወቁ ስሞችን የያዙ የሐሰት ኩሽኔታዎች በብዙ አገሮች ገበያ ይገኛሉ። የደበዘዘ ወይም የተጣመመ ጽሑፍ፣ ከማሸጊያው ጋር የማይመሳሰል ቁጥርና ከተለመደው በጣም የወረደ ዋጋ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው።

አቀያየር

ሥራው የሚጀምረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘና የባትሪው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ነው። በሙቀት ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ክፉኛ ያቃጥላል። ፓምፑ የሚወልቅ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ ይወርዳል። በላንድ ክሩዘሩ ላይ የማራገቢያው ዳዶዎች መላላት ያለባቸው ቺንጋው ከመላላቱ በፊት ነው፤ የተወጠረው ቺንጋ ፑሌጃውን እንዳይዞር ይይዘዋል። የ300 ቲዲአይ ትልቁ ዳዶ ግን የግራ ጥርስ ስላለው የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በተለመደው አቅጣጫ መታገል የበለጠ ያጠብቀዋል። የወለቀው ክላች ዘይቱ እንዳይፈስ እንደተገጠመበት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ራሱን የቻለ ኩሽኔታ የሚቆልፈው ቀለበት ከወጣ በኋላ በፕሬስ ተገፍቶ ይወጣል፤ ፕሬስ ከሌለ ቶርኖ ቤት ይወሰዳል። አዲሱ ሲገባ ግፊቱ በሚጠብቀው ቀለበት ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። ወደ ማቀፊያ ቤት ሲገባ የውጭው፣ ዘንግ ላይ ሲገባ የውስጡ ቀለበት ይገፋል። በተሳሳተው ቀለበት ከተገፋ ወይም በመዶሻ ከተመታ ኃይሉ በብዮቹ በኩል ያልፍና በመንከባለያው ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ይፈጥራል። እንዲህ የተገጠመ ኩሽኔታ አዲስ ቢሆንም ብዙም ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። በሁለቱም ጎን የታሸገ ኩሽኔታ ተጨማሪ ግራሶ አያስፈልገውም።

ፓምፑ በሙሉ ሲቀየር የቆየው ጓርኒሲዮን ቅሪት ተፍቆ አዲስ ይገባል። ጥንድ ቺንጋ ባለው ሞተር ላይ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ ጭነቱ ለሁለቱ እኩል አይከፋፈልም። ቺንጋው አምራቹ ባዘዘው ልክ ይወጠራል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማራገቢያው በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ራዲያተሩንም ሆነ ሽፋኑን መንካት የለበትም። ከዚያ ውሃው ተሞልቶ አየሩ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሠራል፤ ድምፅና ፍሳሽ መኖሩም ይታያል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የውሃው መጠንና የቺንጋው ውጥረት እንደገና ይፈተሻሉ።